ፍቅሩ የወጣለት ውል

ራሲክባይ ጆሮው ስለከበደ ስልክ የሚያወራው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ለቆ ነው። ስለዚህ የእሱን ወሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለን ሁላችንም እንሰማለን፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ልብስ ለማስጣት ብለው በረንዳ ይወጣሉ፣ ልብሱ ትናንት የደረቀ ቢሆንም። የዚያን ቀን ጠዋት እኔ በፎይ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ የተሰባበረ ካክራ እበላ ነበር። ፎይ የአባቴ እህት ናት፣ ስሟ ኮኪላ ነው። ካክራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ካክራ ማለት ከወረቀት የሳሳ ደረቅ ቂጣ ስለሆነ ከአስሩ አንዱ መሰበሩ አይቀርም፣ የሚሰበረው ደግሞ የኔ ድርሻ ነው። ፈተና ጨርሻለሁ፣ ውጤት አልመጣም፣ ኮሌጅ አልተከፈተም፣ የአህመዳባድ ሙቀት አርባ ሦስት ገብቷል፤ ታዲያ ምን ልስራ? እበላለኋ። በዚህ መሃል የራሲክባይ ልጅ ኒሚሽ ከሱራት ደወለና ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳይጨርስ "አባዬ፣ ያ ወረቀት እኮ የሽምብራ ጥብስ ጋንቲያ እንኳን አይጠቀለልበትም!" አለ።

የትኛው ወረቀት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገንም። ፎይና ራሲክባይ አስራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ አልተጋቡም። እሷም ባሏ ሞቷል፣ እሱም ሚስቱ ሞታለች፣ ከልካይ የላቸውም፤ ግን ፎይ ካገባች የሟች ባሏ ጡረታ ይቆረጣል። በወር አስራ ስምንት ሺህ ሩፒ! "አንገቴ ላይ አንድ የአበባ ጉንጉን ለማድረግ ብዬ?" ትላለች ፎይ። ስለዚህ እኛ ሀገር እንደነሱ ያለ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ፍርድ ቤት በር ላይ ሄደው፣ የቴምብር ወረቀት ገዝተው፣ ማይትሪ ካራር፣ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፣ ውል አዋዋይም ማህተም መታበት። አባቴ እስከዛሬ ራሲክባይን ምን ብሎ እንደሚጠራው አያውቅም። ባሏ እንዳይለው አላገባት፣ እንግዳ እንዳይለው አልጋው እዚያው ነው። በዓል ሲሆን አባቴ ወደነሱ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ክሪኬት ያወራዋል፣ ይሄዳል። ክሪኬት በሌለበት ወር ዝም ተባብለው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

ኒሚሽ ቀጠለ። "ነገ ቡአህን ልትሰራ ሆስፒታል ትገባለህ። እኔ ክፉ ማሰቤ አይደለም፣ ግን ሰው ነህ። ቤቱ በአንተ ስም ብቻ ነው ያለው። እኔ ዛሬ ማታ ሰነዱን አሰርቼ ይዤ እመጣለሁ፣ ለኔ ታዞርልኛለህ። ያቺን ሴትዮም አናስቀይማትም፤ አንድ ወር ሁለት ወር ጊዜ እንሰጣታለን።"

አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ሲወድቅ ሰማሁ። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን ካክራ ማኘክ አቆምኩ፣ ሲንኮሻኮሽ ያሳፍር ነበር። አሁን ራሲክባይ ይጮሃል፣ አሁን ስልኩን ይዘጋበታል ብዬ ስጠብቅ እሱ ጉሮሮውን ጠረገና "እስቲ እናያለን ልጄ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ውሃ ጠጣ" አለ። በቃ። ፎይ ሊጡን መዳመጥ ቀጠለች፣ ዳመጠች፣ ዳመጠች፣ በመጨረሻ ከስሩ ያለው ጋዜጣ ፊደሉ እስኪነበብ ድረስ ሳሳ። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ እሳቱን አጠፋች፣ "ሄሊ፣ ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ። ለሱቆች ልታስረክበው የነበረው ሰማንያ እሽግ ገና አልተጋገረም። ፎይ እሳት ስታጠፋ አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ውሉ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የክብር ሳሪዋ እጥፋት መሃል በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። ባጃጅ ውስጥ እየተንገጫገጭን አነበብኩት። እውነት ነው የምላችሁ፣ እኔ እንኳን ወንድ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ፈተናዬን ትቼ እጠፋ ነበር። "አንደኛ፤ እኔ ራሲክላል ኮኪላን ከነፍሴ አብልጬ ስለምወዳት፣ እሷም እንደ ሚስት በአንድ ጣራ ስር አብራኝ ስለምትኖር፣ ስለዚሁ ፍቅሯ ምላሽ የቤቴን ግማሽ ሰጥቻታለሁ። ሁለተኛ፤ ጨረቃ ሰማይ ላይ እስካለች አልለያትም። ሦስተኛ፤ እሁድ ጠዋት ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ። አራተኛ፤ ማንኮራፋት ስጀምር በክርን መጎሰም መብቷ ነው።" የፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ የሚያስከፍለው በመስመር ነበር አሉ፤ ራሲክባይ ጨረቃዋን ያስገባት ተጨማሪ ሃምሳ ሩፒ ከፍሎ ነው። ፎይ መንገዱን እያየች "ጨረቃዋን ትቶ ቤቱን ቢያስመዘግብ ይሻል ነበር" አለች። 

የሄድነው ጠበቃ ዘንድ ነው፤ ፍሬኒበን ይባላሉ፣ ድሮ ከፋርስ ከመጡት የፓርሲ ወገኖች ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቢሯቸው ከሚዛን መሸጫ ሱቅ በላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ ፋይል ነው፣ ቬንቲሌተሩ በዞረ ቁጥር አንዱ ፋይል ገጽ ያነሳል፣ እሳቸውም ሳያዩ በመዳፋቸው ጸጥ ያደርጉታል። ገና ሳንቀመጥ "ምክር አምስት መቶ ሩፒ ነው፣ የሚያለቅስ ካለ ሺህ፤ ለቅሶ ጊዜ ይፈጃል" አሉ። ፎይ "አናለቅስም" አለችና ወረቀቱን ዘረጋች። እሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ጨረቃዋ ጋ ሲደርሱ መነፅራቸውን አወለቁ።

"ይሄን ማን ነው የጻፈው?"

"እሱ ነው ያስጻፈው።"

"እድለኛ ነሽ። የኔ ባል አርባ ዓመት ሙሉ ያለኝ 'ጨው አንሷል' ነው።" መነፅራቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "በጣም የሚያምር ውል ነው። ዋጋ ግን የለውም።"

ፎይ "ማህተም አለው እኮ" አለች።

"ማህተም ድመት ላይም ይመታል። ስሚኝ ኮኪላ፣ ሕግ እንደ አማት ነው የሚያነበው። 'አብራኝ ስለምትኖር፣ ስለፍቅሯ ምላሽ ቤት ሰጠኋት' ሲል አንቺ ፍቅር ትሰሚያለሽ። ሕጉ የሚሰማው ሌላ ነው፤ ሳያገባት አብራው ስለተኛች በቤት ከፈላት። ለነውር የተገባ ውል ነው ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ያልተጋቡ ሰዎች እኮ በገንዘብ ጉዳይ መዋዋል ይችላሉ። ሁለት ባልንጀሮች ሱቅ ቢገዙ ማን ይከለክላቸዋል? የገደለችሽ ይቺ አንደኛዋ አንቀጽ ናት። ፍቅሩ ባይኖርበት ኖሮ ደህና ውል ይወጣው ነበር።"

"አብሬው ስለተኛሁ?" ፎይ ወንበሩ ላይ ቀና አለች። "ፍሬኒበን፣ እሱ ሲያንኮራፋ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መቼ ነው የተኛሁት?"

እኔ ሳቄን ልይዝ ብዬ ትን አለኝ፣ ፍሬኒበን ሳያዩኝ ጀርባዬን መቱኝ። እንድታገባው መከሯት፤ ፎይ ጡረታዋን ነገረቻቸው። ኑዛዜ ይጻፍልሽ አሏት፤ ፎይ "ቱፍ ቱፍ! ነገ ቢላ ስር ለሚተኛ ሰው? ሞት ስሙን ሲጠሩት ሰምቶ ቢመጣስ? እኔ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይነሳም" ብላ ተቆጣች። "ለቤቱ ከፍለሽበታል ወይ?" ብለው ሲጠይቋት ግን ዞር ብላ ከጡቷ መሃል አንዲት ትንሽ የላስቲክ ቦርሳ አወጣች። ውስጧ የወርቅ ቤት ደረሰኝ አለ፣ ስድስት አምባር የሸጠችበት፤ ከሱ ጀርባ ደግሞ በማግስቱ ገንዘቡን ለቤቱ ሻጭ ባንክ ያስገባችበት ወረቀት። የቤቱ ግማሽ ዋጋ፣ ቁጭ። ፍሬኒበን ደረሰኙን እንደ ሕጻን አቅፈው አዩት። "ታዲያ ይሄን ይዘሽ ነው ጨረቃ የምትቆጥሪው?" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ፣ ፍቅሩን እናውጣው።"

ሲያወጡት ቁጭ ብዬ አየሁ። ጥርስ ነቃይ ናቸው። ጨረቃዋ ወጣች፣ ሻዩ ወጣ፣ ክርኑ ወጣ። ፎይ ክርኑ ጋ "እሱ እንኳን ቢቀር" ብላ ለመነች፣ እሳቸው ግን በጣታቸው እንቢ አሏት። የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። አንደኛ ወገን ወይዘሮ ኮኪላ፣ ሁለተኛ ወገን አቶ ራሲክላል። ሁለቱ ቤቱን እኩል ከፍለው እንደገዙት፣ በአጋጣሚ በአንዱ ስም እንደተመዘገበ፣ ሁለተኛው ወገን አሁን ግማሹን ለአንደኛዋ ወገን እንደሚያዞር። ማለቂያው ላይ ደግሞ፣ ነገ ማንም መጥቶ ለነውር ነው እንዳይል ብለው፣ አንድ አንቀጽ ጨመሩ። "ሰባተኛ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ከዚህ ቤት በስተቀር ሌላ ምንም ዓይነት ግንኙነት የለም።" ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። መዝገብ ቤት አንድ ደንበኛቸው ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ የተወው ባዶ ቀጠሮ አለ፣ አስር ሰዓት ላይ። "ይዘሽው ነይ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አስራ ስምንት ከሦስት ሳምንት!" አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እድሜዬ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ቤት ስንደርስ ራሲክባይ በካናቴራ ሆኖ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎ፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ፎይ ወረቀቱን ሰጠችውና አጠገቡ ቆመች። በክንዱ ርዝመት አርቆ አነበበው፣ ከዚያ አቀረበው፣ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

"እኔ የት አለሁ?"

"ሁለተኛ ወገን እርስዎ ነዎት" አልኩት ጆሮው ስር።

"እኔ ሁለተኛ ወገን?" ተነስቶ ተቀመጠ። "አስራ አንድ ዓመት ኖሬ ሁለተኛ ወገን? ይሄ እኮ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የውሃ ሞተር ሲገዛ የሚጽፈው ነው! ጨረቃዋስ?" ሰባተኛዋ ጋ ሲደርስ ፊቱ ቀላ። "'ምንም ዓይነት ግንኙነት የለም።' ኮኪ፣ እኔ እንዲህ ያለ ውሸት ላይ አልፈርምም። ነገ ሆስፒታል እገባለሁ፣ ብሞት በውሸት እሞታለሁ። አልፈርምም!"

ፎይ እስካሁን ቀስ ብላ እያስረዳችው ነበር፣ ይሰማሉ ወይ፣ ይዩኝ እስቲ፣ እያለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንቱ ሌላ ብላው አታውቅም፤ ቅቤ ተደፍቶባት፣ ኤሌክትሪክ ጠፍቶባት፣ ነዳጅ አልቆባትም አንቱ ነው። ያን ጊዜ ግን የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጠችና፦

"አንተ!" አለችው። "ጠዋት ልጅህ 'ያቺ ሴትዮ' ሲለኝ የት ነበርክ? ሁለት ወር ጊዜ እንሰጣታለን ሲልህ ምን አልከው? ውሃ ጠጣ! ውሃ ጠጣ ነው ያልከው! ፍቅርህ የሚናገረው በመስመር ሲከፈለው ብቻ ነው? እኔ አምባሬን ሸጬ የገባሁበት ቤት ነው። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ወንድሜ እንኳን አንተን ምን ብሎ እንደሚጠራህ አያውቅም፣ ክሪኬት ነው የሚያወራው። አንተ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ጨረቃዋን ይዤ የት ልደር?"

እንዲህ ጮክ ብላ ስለተናገረች ጆሮው ስር ምንም አልደገምኩለትም። ሁሉንም ሰምቷል። ከላይ ያለው በረንዳም ሰምቷል። ቬንቲሌተሩ ዞረ፣ ዞረ። ራሲክባይ ግንባሩ ላይ ያለውን ፎጣ አወረደ፣ አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፣ መሀረብ እስኪያክል ድረስ አሳነሰው። እኔ ወይ ያለቅሳል ወይ ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብሎ፦

"ሱሪዬ የት ነው ያለው?" አለ።

ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጣበን ተቀመጥን። ራሲክባይ ቡአውን በሁለት እጁ ይዞ፣ መንገዱ ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ፎይ ኩርፊያዋ አልለቀቃትም፣ እሱን አታየውም፤ ግን ባጃጅ ነጂውን "ወንድሜ፣ ቀስ! ካክራ እንደጫንክ ቁጠረው!" እያለች አስጨነቀችው። መዝገብ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከነላቡ መቶ ሰው አለ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁሉም ተኮራርፈዋል፤ ወንድም ከወንድሙ ሁለት ወንበር ርቆ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛው ምስክር የሚዛን ሱቁ ባለቤት ነበር፤ ፍሬኒበን እየጎተቱ አመጡት። ከዚያ ራሲክባይን ጥግ ላይ ይዘው ጆሮው ውስጥ አስጠነቀቁት። "ከተጠየቅከው በላይ አንድ ቃል አትጨምር። ፍቅር፣ ልብ፣ ጨረቃ፣ አንዳቸውም ከአፍህ እንዳይወጡ። ሹሙ ከጠረጠረ ይመልሰናል። ዛሬ ማታ ደግሞ ልጅህ ሰነዱን ይዞ ይመጣል።"

ተራችን ደረሰ። ሹሙ ደከም ያለ፣ ጢሙ የተቆረጠ፣ እንጥሉ እስኪታይ የሚያዛጋ ሰውዬ ነው። ፎቶ አነሳቸው፣ አውራ ጣታቸውን አስነካ፣ "በፈቃድዎ ነው የሚፈርሙት?" አለ። ራሲክባይ "ምን?" አለ። ሰውዬው ጮኸ። ራሲክባይ "በፈቃዴ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ዞሮ ማየት ጀመረ። ሹሙ ሰባተኛዋን አንቀጽ በእስክሪብቶው እየመታ፣ አሁንም ያንኑ ያህል ጮክ ብሎ፦

"ይቺ ሴትዮ ምንዎ ናት?"

እመኑኝ፣ የተኮራረፉት ወንድማማቾች እንኳን ተያዩ። ፎይ ጣራው ላይ ያለውን ቬንቲሌተር አየች። ራሲክባይ አፉን ከፈተ። ጨረቃዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ስትደርስ አየኋት፣ የምሬን ነው አየኋት። ፍሬኒበን ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ አፉን ዘጋ፣ ምራቁን ዋጠ፣ እንደገና ከፈተ።

"ምኔም አይደለችም!" አለ። በደንብ ስለማይሰማ ድምፁ አዳራሹን ሞላው፣ ዓይኑም አብሮ ሞላ። "ምንም! አላውቃትም ማለት ይቻላል!"

ሹሙ ቀና ብሎ አየው። ራሲክባይ ብብቱ ስር የፎይን የእጅ ቦርሳ ይዟል። በግራ እጁ የውሃ ጠርሙሷን፣ ክዳኑን ከፍቶ። በቀኝ እጁ ደግሞ፣ እያለቀሰ፣ የወንበሩ እግር ስር የገባውን የሳሪዋን ጫፍ እንዳይቀደድ ብሎ ቀስ እያለ ይጎትታል።

"ያስታውቃል" አለ ሹሙ፤ ማህተሙን ግጭ አደረገው።

ውጪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። "ዋሸሁ ኮኪ። መቶ ሰው ፊት ዋሸሁ።" ፎይ መልስ ሳትሰጠው ሄደች፣ ከጋሪው ሁለት ብርጭቆ አሬራ ገዝታ ተመለሰች፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ፣ ሌላውን እጁ ውስጥ አስገባችለት። "ይጠጡ" አለችው። አንቱታው ተመለሰ። እሱም ጠጣ፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም ሰራ፣ እሷም ሳሪዋን አንስታ ጠረገችለት። ሁለቱ ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ የሚዛን ሱቁ ባለቤት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ኒሚሽ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሰነዱን በቆዳ ቦርሳ ይዞ መጣ። እኔ መሄድ ነበረብኝ፣ እናቴ ሁለቴ ጠርታኛለች፣ ግን እንዴት እሄዳለሁ? ፎይ በሩን ከፈተችለት፣ እሱ እንደ ልማዱ ከትከሻዋ በላይ አባቱን እየፈለገ "ደህና ነህ አባዬ?" አለ። ራሲክባይ ማህተም ያለበትን ቅጂ ዘረጋለት። በሩ ላይ እንደቆመ አነበበው። ኒሚሽ አልማዝ መቁረጫ ቤት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ጉድለት መፈለግ ሙያው ነው፤ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ሁሉ አየው። ሰባተኛዋ ጋ ሲደርስ ዓይኑ በራ፣ አገኘኋት አለ ፊቱ።

"እዚህ ጋ እኮ ምንም ግንኙነት የለንም ብላችኋል!"

"የለንም" አለች ፎይ። ሳህን እየደረደረች ነበር።

"አባዬ፣ ምንም ካልሆነችህ ታዲያ እዚህ ምን ትሰራለች?"

ጮክ ብሎ አልነበረም የጠየቀው፣ እኔም ልደግምለት አፌን ከፍቼ ነበር። አላስፈለገም።

"ቤቷ ነዋ" አለ ራሲክባይ።

ኒሚሽ አባቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። እኔም ከስር ሦስተኛው መስመር ላይ ያለውን የምስክር ፊርማዬን በጣቴ አሳየሁት፤ ጠመም ያለ ነው፣ ግን የኔ ነው። ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረ። ከዚያ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷን በቀጥታ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ወደ ፎይ ዞሮ፦

"ልግባ?" አላት።

ፎይ ሳህኖቹን ደርድራ ጨረሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛውንም አስቀመጠች።

"መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ" አለችው።